አለች ተብላ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልት አልቆ ጭቃ ከሚጀምርበት፣
ባጃጅ ጥሎኝ ሄደ፤ ነሐሴ ነው፣ እኩለ ሌሊት።
ኦቦ ጉደታ በባትሪያቸው ፊቴን አይተው፣
የልብስ ፋብሪካውን በር ሰንሰለት ፈተው፣
«ሦስተኛዋ ዕቃ» አሉኝ፣ «ከላይ ስትቆጠር፣
ከሰኞ ወዲህ አትጠቅስም፤ ብናገር፣ ብናገር
ሰሚ አጣሁ።»

ስልኬን አወጣሁ፤ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ፤
«ሁሉም ደህና ነው» አልኳቸው። «እንግዲያ ያበደው ዓይኔ ነው እንዴ?»

አራት ስዊች ናቸው፣ እንደ ጡብ የተነባበሩ፣
በጀርባቸው ባጭር ወፍራም ገመድ የተሳሰሩ፤
አራት አካል፣ አንድ ስም፣ አንድ አድራሻ፣ አንድ አፍ፣
የፊተኛዋ ናት ስለ ሁሉም የምትለፈልፍ።
በየአምስት ደቂቃው ከመሃል ከተማ ጠያቂ ይመጣል፤
«ደህና ናችሁ?» ይላል።
«ደህና ነን» ትላለች አንዷ፣ ለአራት።
ይጽፋል፤ ይሄዳል። ሌላ ነገር አይጠይቃት።

አቃቂ ስንማር፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ መምህሩ ስም ሲጠሩ፣
ለቀረ ጓደኛ «አቤት!» የሚሉ አይጠፉም ከኋላ የሰፈሩ።
የመምህሩ ዓይን ከመዝገቡ አይነሳ፤
ድምፅ ከሰሙ በቃ፣ ስለ ባዶ ወንበር ማን ሊያነሳ።

የሰው ኃይል ኃላፊው በስልክ፣ «ያንተ ስክሪን ደህና ካለ፣
ሰማኒያ ስድስት ሴት ተማክሮ ዋሽቷል ማለት ነው» አለ።
እንኳን እሱ፣ እኔም አምኜ ነበር። ለማንኛውም ብዬ ግን፣
ከሦስተኛዋ የሚወጣውን ገመድ ተከተልኩ፣ ጣሪያ ጣሪያውን፤
ያልቃል ከሠራተኛ መግቢያው፣ ከአሻራው ማሽን ሥር።
አያልነሽ ጣቷን በጋውኗ ጠርጋ፣ ደግማ ስትሞክር፦
«ሦስት ቀን ጣቴን ሰጠሁት፣ ሦስት ቀን ቀርተሻል አለኝ፤
ያን ሁሉ ኮሌታ የሰፋው ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለችኝ።

ሞታ ያደረችው «አለች» ተብላ፣
ቆማ ያደረችው «የለችም» ተብላ፤
መዝገብም ለካ አፍ ላለው ነው የሚያደላ።

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ፤ ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ።
የፊተኛዋን «ደህና» ትቼ፣ ዛፉን ከሥሩ ልይ፤
«አንድ ነጥብ ሦስት ነጥብ ስድስት ነጥብ አንድ» እያልኩ፣
ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል በቅጠል ቆጠርኩ።
(መመሪያው የይለፍ ቃሉን «ማኅበር» ብሎ ይጠራዋል፤
በኛ ሰፈር አባል ሲቀር ማኅበሩ ቤቱ ሄዶ ያየዋል።)
አንድ ሺህ አንድ አለች። ሁለት ሺህ አንድ አለች።
ከዚያ ዘለለ፤ አራት ሺህ አንድ አለች።
ሦስት ሺህ አንድ ላይ ቅጠልም ቅርንጫፍም የለም፤
ዛፉ አልዋሸም። ጠይቀነው አናውቅም።

ስክሪኑን ያቀናሁት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ጥር፤
ሰርግ ነበረብኝ፣ ቸኮልኩ፤ የፊተኛዋን ብቻ ላናግር፣
ይበቃል አልኩ።

በባትሪ ከጀርባ ዞርኩ። የሦስተኛዋ ፒን ከሶኬት
ወልቋል፤ በሱ ቦታ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶበት።
ስልክ የለውም፤ ቀጭን ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል።
ኦቦ ጉደታ ቦት ጫማቸውን ያያሉ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
አልጠየቅኋቸውም። ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ
በቻሉት መንገድ ሲናዘዙ ነበር፣ «አትጠቅስም» እያሉ።

ፒኑን መለስኩ። ማራገቢያዋ እንደ ወፍጮ አጓርታ፣
ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ጠቀሰች ዓይኗን ገልጣ።
ከበሩ በኩል የማሽኑ ድምፅ ተሰማ፤ አያልነሽ ገባች።

ሪፖርቱ ላይ «ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤
«መብራት» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ ግን ዋለለ።
«ጠያቂው» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሰማኒያ ስድስት ስም፣
ሦስት ሦስት ቀናቸው ይመለስ ብዬ። ይመልሱ እንደሆን አላውቅም።
ከዛሬ ጀምሮ ግን በየአምስት ደቂቃው አራት ጥያቄ ይሄዳል፤
ሦስተኛዋ ዝም ካለች፣ ዝምታዋ ስልኬ ላይ ይጮሃል።

ኦቦ ጉደታ እስከ አስፋልቱ በባትሪ ሸኙኝ፤
«ስልኬ አርጅቷል» አሉ መንገድ ላይ፣ «ቻርጅ አይዝም» አሉኝ።